የጎረቤት አፈር

በታዙላ ሰው ከፊቱ ይልቅ በእግሩ ይታወቃል። መንደሩ ከመሬት በታች ነው። በየቤቱ መሀል እንደ ሰፊ ጉድጓድ ወደ ታች የተቆፈረ ግቢ አለ፤ መኝታ ቤቱም ማጀቱም ከግቢው ግድግዳ ወደ ጎን የተፈለፈሉ ናቸው። ከላይ የሚያልፍ ሰው እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ጣሪያው ታች ላለው ይነግረዋል፤ ቢያነክስ፣ ቢቸኩል፣ ሸክም ቢኖርበት። አዛውንቶቹማ አላፊው ማንን እንዳኮረፈ ጭምር እንሰማለን ይላሉ።

የናጂያ እናት ያደገችው ከመሬት በላይ፣ መስኮት ባለው ቤት ነበር። ከዚያ በጋው እየረዘመ ሄዶ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ሆነ። ሸሂሊ የሚሉት የበረሃ ነፋስ በዓመት ጥቂት ቀን ብቅ ማለቱን ትቶ ነዋሪ ሆነ። ቅድመ አያቶች ኖረውበት የልጅ ልጆች ጥለውት የወጡት ጉድጓድ ተጠረገና ሰው ተመልሶ ወረደ። አሁን ላይ መዋል የሚፈቀደው በማለዳና በአመሻሽ ብቻ ነው፤ "የላይ ሰዓት" ይባላል። ሲያበቃ ጡሩምባ ይነፋል፣ ክንድ ላይ የሚታሰረው የሙቀት አምባርም ይጠብቃል። ላልገባ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃል። ልጆች ሲጨቃጨቁ "እንደ አምባር አትጭመቂኝ" ይባባላሉ።

ናጂያ በመንደሩ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን የቱኒዚያ ካርታ ተማሪዎቹ በየዓመቱ መጀመሪያ እንደገና ይቀቡታል። ሰማያዊው ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቢጫው ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ የአረንጓዴው ቆርቆሮ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ሳያልቅ ይተላለፋል። ታዙላን በዳሃር ተራራ ጫፍ ላይ በነጥብ ታሳያቸውና "እኛ የምንኖረው በሁለት የማይጠጡ ነገሮች መካከል ነው፤ በምዕራብ አሸዋ፣ በምሥራቅ ጨው ውሃ" ትላቸዋለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እሷም ብዙ ጊዜ ትስቃለች።

ያን ዕለት ማለዳ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጣ ሬዲዮ ትሰማ ነበር። ሬዲዮው ጠዋት ጠዋት አገሪቱን ከላይ እስከ ታች ይጠራታል። ከቢዘርት ይጀምራል፤ ወደ ቃይራዋን፣ ወደ ጋፍሳ ይወርዳል፤ የየከተማውን ሙቀትና የላይ ሰዓቱን ርዝመት ይናገራል። ቀርቀና ደሴቶች ላይ ሲደርስ ሙቀት አይጠቅስም፤ የውሃውን ጥልቀት ነው የሚናገረው። ማንም ስሙ ከዝርዝሩ ይውጣ ብሎ አያውቅም፣ ማንም ለምን እስካሁን ይጠራል ብሎም አይጠይቅም። ናጂያ ዳሃር እስኪደርስ ስኒዋን አጠበች።

"ዳሃር" አለ አንባቢው፤ "ነገ ከቀትር በኋላ ዝናብ።" ከዚያ ከተጻፈለት ውጭ መሆኑ በሚያስታውቅ ድምፅ "ዝናብ ነው ያልኩት" ብሎ ደገመ።

ከዘነበ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ናጂያ የላይ ሰዓቱ ሳያልቅ ተነሥታ ደረጃውን ወጣች። እግሯ የወሰዳት ወደ ጂስሩ ነበር። በዳሃር ደረቅ ሸለቆዎች ሁሉ ላይ የጥንት ሰዎች ከአፈርና ከድንጋይ የሠሩት ግድብ አለ፤ ግድቡም ከኋላው ያለው ማሳም ጂስር ይባላል። ጎርፍ ሲመጣ እዚያ ይቆማል፣ ያዘለውን አፈር ያራግፋል፣ ውሃው ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ወይራ የሚበቅለው በዚያ አፈር ላይ ነው። ሞልቶ የተረፈው በግድቡ ጠርዝ ባለ የድንጋይ አፍ በኩል ለታችኛው ጎረቤት ይወርዳል፤ ከእሱ የተረፈው ለሌላው። የላይኛው ሰው የግድቡን አፍ በአንዲት ድንጋይ ከፍ ካደረገ ታችኛው በዚያችው ልክ ይጠማል።

የናጂያ ወይራዎች ቅጠላቸው ተጠቅልሎ ግራጫ ሆኗል። ባለፈው ወር ከውሃ መሥሪያ ቤቱ የመጡ ሰዎች ግንዱን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አይተው፣ ከዛጎል የቀጠነ አረንጓዴ ሲያገኙ "እስከሚቀጥለው ዝናብ" ብለዋት ሄዱ። ሕጉ አጭር ነው፤ ዛፉ የደረቀበት ጂስር ይፈርሳል፣ የሸለቆው ውሃም ሜዳው ላይ ወዳለው ታላቁ ማጠራቀሚያ ይለቀቃል። ክፋት የለበትም፤ የሚጠማ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን እነዚያን ዛፎች የተከለው ባሏ ሙንሲፍ ነበር፤ ከመቃብሩ ሌላ ከመሬት በላይ የቀረላት የእሱ ነገር እነሱ ብቻ ናቸው።

"ላላ ናጂያ! ሰሙ? ሰሙ ሬዲዮውን?"

ሰልዋ ነበረች፣ የታችኛው ጎረቤቷ፤ "ላላ" የምትላት "እመቤቴ" ለማለት ነው። ሰልዋ ባሕሩ የጋቤስን የቴምር ማሳ ሲውጥ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ተራራው ከወጡት አንዷ ናት። መንደሩ ባዶ የቀረ ጂስር ሰጣት። እግሯ ሁልጊዜ የሚሮጥ ይመስላል፤ አፏም እንደዚያው።

"ሰማሁ፣ ሰልዋ።"

"ይደርሰኛል? የኔ ቢጤ ታች ላለች ሴት የሚደርስ ነገር ይኖራል? ወይስ የላይኞቹ ጠጥተው ጠጥተው..." አፏን በመዳፏ ያዘች። "ይቅርታ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም።"

"እኔ ዘንድ ከደረሰ ላንቺም ይደርሳል። አንድ ድንጋይም አልጨመርኩ።"

"አላህ ይስጥልኝ! አመሰግናለሁ፣ አላህ ያክብርልኝ፣ አላህ..."

"ተይ" አለች ናጂያ። "እዚህ ስለ ውሃ አይመሰገንም፤ ውሃም አይጠየቅም። ጠያቂው ላይኛውን ንፉግ አደረገው ማለት ነው፤ አመስጋኙ ደግሞ ሊነፍገኝ ይችል ነበር ማለቱ ነው።"

ሰልዋ ግራ ተጋባች። "ታዲያ ሰው አንዱ ከአንዱ ጋር በምን ይግባባል?"

"በአፈር። ጎርፉ የላይኛውን አፈር ወደ እኛ ያወርዳል፤ ዝናብ በሌለበት ዓመት ነፋሱ ያወርደዋል። አፈሩ የእሱ ነው። ስለዚህ ታችኛው በየመከሩ አንድ ዘንቢል ሞልቶ ወደ ላይ ይመልስለታል። ባለቤቱ በሌለበት ሄዶ ከወይራው ሥር ደፍቶ ይመለሳል። ባለቤቱም ያያል፣ አላየሁም ይላል። በቃ።"

"እርስዎ ለአሚ ጊላኒ መልሰዋል?"

ናጂያ ወደ ላይ ተመለከተች። የጊላኒ ግድብ ከሷ በላይ፣ በሸለቆው መታጠፊያ ላይ ነው። መንደሩ ሁሉ "አሚ"፣ አጎቴ፣ የሚለው ሽማግሌ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ የመጨረሻው ዝናብ ሊዘንብ ሲል፣ በግድቡ አፍ ላይ አንድ ድንጋይ ጨመረ። ሙንሲፍ ወጥቶ በሰው ፊት "እናትህ ጡት የነሣችህ ነህ" አለው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰላምታ አልተለዋወጡም። ሙንሲፍ ሲቀበር ሽማግሌው መጥቶ ዳር ላይ ተቀመጠ፤ አንድ ቃል ሳይናገርም ሄደ። ናጂያም ከዚያ ወዲህ ከማሳዋ በላይ ያለውን ዳገት ሦስት ዓመት አልወጣችውም።

"ባለቤቴ ነበር የሚመልሰው" አለች። "ከተጣሉ በኋላ መላሽ የለም።"

"እና ሰውየው ያቺን ድንጋይ ነገ ካላወረደ፣" አለች ሰልዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔም እርስዎም..."

ጡሩምባው ተነፋ።

ናጂያ የሙቀቱን ሰዓት ሙሉ ከጂስሯ ያመጣችውን አፈር በእጇ ስታሽ ዋለች። ሙንሲፍ በአፈሩ ውስጥ የወይራ ፍሬ ከሰል የመቀላቀል ልማድ ነበረው፤ ውሃ ይይዛል ይል ነበር። የዚያ መሬት አፈር ሁሉ ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን የእነሱ ብቻ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ልጆቹ "የጠቃጠቆ ማሳ" ይሉታል።

ስለ ሙንሲፍ አሟሟት ለማንም አታወራም። ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በገባበት ሰዓት፣ ዳገቱ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ፤ ባዶ ዘንቢል ጎኑ ነበር። የላይ ሰዓትን የሚቆጣጠሩት የሙቀት ሠራተኞች "ሙቀት አእምሮ ያስታል፣ የት እንደሚሄድ አላወቀም" አሏት። እሷ ትምህርት ቤት ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ ሃምሳ ዓመት የሚያውቀው መንገድ ላይ የት እንዳለ ሳያውቅ፣ ብቻውን፣ ባዶ ዘንቢል ይዞ መዞሩን። ከሞቱ ይልቅ ይኸ ይከብዳታል።

የአመሻሹ የላይ ሰዓት ሲከፈት ያንኑ ዘንቢል ሞልታ ወጣች። ሰማዩ በስተምዕራብ የመዳብ ቀለም ይዞ ነበር። ዳገቱን ጀመረች። አምባሩ ጠበቅ ላላ፣ ጠበቅ ላላ አለ። ለሽማግሌው የምትለውን አላሰበችም፤ የሚባል ነገር የለምና። አፈሩን ትደፋለች። አውቆ ድንጋዩን ቢያወርድ አወረደ።

የጊላኒ ግድብ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ወይራውን ነበር። ከሥሩ አፈር ተከምሯል። ከላይ ያለው ነፋስ አድርቆት ቅርፊት አውጥቷል። ተንበርክካ ቅርፊቱን በጣቷ ሰበረችው። ውስጡ ጥቁር ነጠብጣብ ነበረው።

እጇን አስገባች። ከዚያ ሥር ሌላ ቅርፊት አለ፤ ከሱም ሥር እንደገና የጠቃጠቆ አፈር። ከጠቡ በኋላ የነበሩት መከሮች ሁሉ እዚያ ተደራርበው ነበር።

"ባልሽ እንደ ድመት ነበር የሚሄደው" አለ ከኋላዋ ድምፅ። "ዘንቢል ሲይዝ ግን እንደ ግመል።"

ጊላኒ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣውን እንዳደረገ ከደረጃው ብቅ ብሎ ቆሞ ነበር። መሬት ላይ የተንበረከከች ሴት እንዳላየ ሰው ሸለቆውን ይመለከታል።

"አሚ ጊላኒ፣ በሌሉበት ልደፋ ነበር የመጣሁት።"

"የለሁማ። ማን አየኝ?" ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "እኔና ሙንሲፍ የተጣላነው ስለ ውሃ ነው። በአፈር አልተጣላንም። እሱ ይህን ያውቅ ነበር። በሰደበኝ ቀን ሰደበኝ፤ አፈሬን ግን አንድ መከር አላስቀረም።"

"አልነገረኝም።"

"እንዴት ይነግርሻል? ሰድቦኛላ። የሰደቡትን ሰው አፈር ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለሚስት ይወራል?" ፈገግታው መጥቶ ሄደ። "እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ግድቡን እጠግን ነበር፤ የላይ ሰዓቱን ሙሉ እዚሁ ነበር የምውለው። ባለቤቱ ባለበት አይደፋም። ስለዚህ ጡሩምባው ተነፍቶ እኔ እስክወርድ ይጠብቅ ነበር።"

ናጂያ እጇን ከአፈሩ ውስጥ አላወጣችም።

"ያን ቀን" አለች።

"ያን ቀን መኝታ ቤቴ ነበርኩ፤ መንገዱ ከጣሪያዬ በላይ ነው የሚያልፈው። ሲመጣ ሰማሁት፤ ከባድ እግር ነው። እዚህ ቆመ። አፈሩ ሲፈስስ እንኳ የሰማሁ ይመስለኛል። ከዚያ ተመለሰ።" ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። "ብወጣ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። የደፋ ሰው ተመልሶ እስኪርቅ ግን አይወጣም፤ አባቴም አልወጣም፣ እኔም አልወጣሁም። ሲመለስ ግን ልጄ፣ ቀሎት ነበር። አልተንገዳገደም፣ መንገዱ አልጠፋበትም። ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው እግር ነበር። የእግር ነገር እኔ አልሳሳትም።"

ከሜዳው በኩል ነፋስ መጣ፤ ሸሂሊ አልነበረም። ናጂያ ተነሥታ ዘንቢሏን ከሙንሲፍ አፈር በላይ ገለበጠችው፤ መሬቱን በመዳፏ እያስተካከለች ቀስ ብላ ወደ ግድቡ አፍ ተመለከተች። ያቺ ድንጋይ አልነበረችም። በቦታዋ ነፋስ ያጠራቀመው አሸዋ ተኝቷል።

"ድንጋይዋ?"

"ከቀብሩ ማግስት አወረድኳት። ዝናብ ስለጠፋ አላየሽም እንጂ።" ተነሣ። "አንቺ ለምን ወደዚህ መምጣት እንደተውሽ ይገርመኝ ነበር። ጠላችኝ አልኩ። መጥላትም መብቷ ነው አልኩ።"

አመሰግናለሁ የሚለው ቃል እስከ ጥርሷ መጣ። በአገሩ ወግ መሠረት መልሳ ዋጠችው። ሽማግሌውም መምጣቱንም መዋጡንም ያየ መሰላት፤ ባርኔጣውን ደፍቶ "ጡሩምባው ሊነፋ ነው፣ ሂጂ" አላት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ የመንደሩ ክዳኖች ሁሉ በሐዲዳቸው ላይ እየተጎተቱ ግቢዎቹን ሸፈኑ። ዱሮ ክዳን ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ዝናብ ቤቶቹን ወደ ጭቃ መልሷቸው ያውቃል። መብራት ጠፋ። ናጂያ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። መጀመሪያ እንደ ተበተነ ሽምብራ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ክዳኑ በሙሉ አንድ ድምፅ ሆነ። ያ ሁሉ ግን ዝናብ ነው፤ እሷ የምትጠብቀው ሌላ ነበር።

መጣ። ከሩቅ፣ ከዳገቱ፣ በመሬቱ ውስጥ እንደ ጋሪ የሚንኳኳ ነገር። ጎርፉ የጊላኒ ግድብ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ፤ እየሞላ ነው። ጸጥታው ረዘመ። ናጂያ ትንፋሽዋን ይዛ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። ከዚያ በግድቡ አፍ በኩል ሲወርድ ተሰማ፤ ውሃ በድንጋይ ላይ፣ ወደ እሷ። የሷ ግድብ እስኪሞላ ደግሞ ሌላ ጸጥታ። ከዚያ ወደ ሰልዋ። ከታች በሰልዋ ግቢ በኩል፣ በክዳንና በአፈር ታፍኖም፣ እልልታ ተሰማ። ለውሃ እልል ማለት በታዙላ ወግ አይደለም። ናጂያ በጨለማው ውስጥ ብቻዋን ሳቀች።

ንጋት ላይ ክዳኖቹ ሲከፈቱ አየሩ የአገሩ አይመስልም ነበር። አምባሯ ክንዷ ላይ ላልቶ ይሽከረከራል። ወይራዎቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ታጥበው ቅጠላቸው በአንድ በኩል ብር፣ በሌላው አረንጓዴ ሆኗል። ሬዲዮው አገሪቱን ከቢዘርት ጀምሮ ጠራ፤ የቀርቀናን ጥልቀት ተናገረ፤ ዳሃር ሲደርስ የዝናቡን መጠን አንብቦ ትንሽ ቆየና ወደ ቀጣዩ አለፈ።

ውሃው ሰርጎ ማሳው መረገጥ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ናጂያ ማጀት ውስጥ ሳለች ጣሪያዋ ላይ እግር ተሰማ። ከባድ ነበር። ለመሮጥ የለመደና በሸክም ምክንያት መሮጥ ያልቻለ እግር። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። አልወጣችም። እግሩ ቆመ፣ ቆየ፣ ተመለሰ። ሲመለስ ሮጠ።

ጠብቃ ወጣች። ከመጀመሪያው ወይራ ሥር አንድ ዘንቢል አፈር ተደፍቷል። ግራጫ ነበር፤ ውስጡ የተሰባበረ ዛጎል ያብረቀርቃል። ናጂያ ቆንጠር አድርጋ በምላሷ ነካችው። ጨው። ሰልዋ ከጎርፉ የወረደውን አፈር አይደለም ያመጣችው። ባሕር ከበላው ከጋቤስ ማሳዋ በጆንያ ይዛ የወጣችውን ነው የደፋችው። ካላት ላይ የምትወደውን መስጠት ይገባል ብላ ነው የተረዳችው። ያ አፈር እዚያው ቢቆይ ወይራውን በጥቂት ወቅት ይገድለዋል።

ናጂያ ተንበርክካ አፈሩን በሁለት እጇ ለቀመች፤ ዛጎሉን ሳይቀር፣ ቅንጣት እንዳትቀር አድርጋ። ወደ ግቢዋ አውርዳ ሙንሲፍ የወይራ ዘይት ያስቀምጥበት በነበረው ትልቅ እንስራ ውስጥ ሞላችው። መሀሉ ላይ አንድ የቴምር ፍሬ በአውራ ጣቷ ቀበረች። ቴምር ጨው አይፈራም።

አመሻሽ ላይ ሰልዋ ማሳው ዳር ቆማ ጠበቀቻት። ፊቷ ሊፈነዳ ደርሷል።

"ላላ ናጂያ፣ ዛሬ... ማሳዎ ላይ ምንም አላዩም?"

"ምንም አላየሁም" አለች ናጂያ።

ሰልዋ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ጊዜ ወስዶባታል እንጂ ገብቷታል።

"ደግሞ" አለች ናጂያ፣ "ዳገቱ ገና ጭቃ ነው። ከባድ ነገር የምትይዢ እንደሆነ ቀስ ብለሽ ውጪ። ጡሩምባውንም አትጠብቂ። እኔ በማለዳ ማጀት ነኝ፣ አልወጣም።"

ከዚያ የራሷን ዘንቢል አነሣች። ጎርፉ ከጊላኒ ማሳ ያወረደው ቢጫ አፈር ነበር። ወጣች፣ ደፋች፣ ማንንም አላየችም። ስትመለስ ከሽማግሌው ጣሪያ በላይ፣ ሙንሲፍ ባለፈበት መንገድ ላይ ደረሰች። ታች አንድ ሰው በጨለማ ክፍሉ ተቀምጦ እንደሚያዳምጥ ታውቃለች። ምንም አላለችም። እግሯን ብቻ፣ እያንዳንዱን እርምጃ፣ ታች እንዲሰማ አድርጋ አሳረፈችው። እሷም አብራ አዳመጠች።

ቀሏት ነበር።